በደቻቱ ጎርፍ ማግስት የገባ ፍልሰታ

ጥያቄ፣ ከካልጋሪ

ሰላም የድሬ ልጆች። እዚህ ከመጣሁ ገና 8 ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት የእድራችን ሰብሳቢ የነበሩት እማማ አረፉ። ሰፈሩን በሙሉ ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ በልጅነቴ ትምህርት ቤት የሸኙኝ፣ ስታመም ጠበል ያመጡልኝ እሳቸው ነበሩ። ሥራ ቦታ ስናገር «ምንሽ ናቸው?» አሉኝ። ጎረቤቴ ናቸው ስላቸው ለጎረቤት ፈቃድ እንደሌለ ነገሩኝ። ማታ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ፤ እንባው ግን እንቢ አለኝ። ድምፅ እንዳላሰማ ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ክርስቲያን እንዲህ አያዝንም፣ ወደ ጌታ ነው የሄዱት» አለችኝ። ልክ ናት? እናንተ ከሩቅ ሆናችሁ እንዴት ነው የምታለቅሱት?

መልስ፣ ለጊዜው ከድሬዳዋ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። የእማማን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን።

እኔ የዓመት ፈቃዴን ለፍልሰታ ወስጄ እዚሁ ድሬ ነኝ። ከቅዳሴ ወጥቼ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ቤት እንደገባሁ ነው ጥያቄሽን ያየሁት። ሳልመልስልሽ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አልቅሺ። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ ለእሱ እንባውን አፍስሷል፤ ዮሐንስ 11፥35 ላይ አለ፣ ከፍተሽ ለጓደኛሽ አሳያት። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ጭራሽ አትዘኑ አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ነው ያለው። ልጅቷ ክፉ አስባ እንዳልሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ይህን አባባል ሰምቶ ሐዘኑን የዋጠ ሰው ስንት ጊዜ ሲታመም አይቻለሁ። እኔ ራሴ አንዱ ነበርኩ።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሲሞላ ከአገር ከወጣሁ 3 ዓመቴ ነበር። ከድሬ ውጭ ላደጋችሁ፣ ደቻቱ የከተማውን ሁለት ክፍሎች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለይ የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ኳስ የተጫወትንበት፣ ግመል የሚያልፍበት፣ ገበያ የሚዘረጋበት አሸዋ ነው። ከተማው ላይ ብዙም ሳይዘንብ ከላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ያን ሌሊት ሰው በተኛበት ደረሰበት። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። የገቡበት ያልታወቀም ብዙ ነበሩ።

ከነሱ መካከል ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ጎረቤታችን ከ2 ልጆቿ ጋር ነበረች። እኛ «የሳምቡሳዋ እትዬ» ነበር የምንላት። እናቴ ሥራ ስትውል ከትምህርት ቤት መልስ የምንበላው ከእሷ እጅ ነው፤ ሂሳቡን ጠይቃ አታውቅም። እሑድ ቀን የስልክ ካርድ እየፋቅሁ ስደውል መስመሩ አልገባ ብሎ አመሸ። ማታ ወንድሜን ሳገኘው የልጆቹ አስከሬን እንደተገኘ፣ የእሷ ግን እንዳልተገኘ ነገረኝ።

እኔ በነበርኩበት የውጭ ከተማ ሐበሻ ነበር፤ ሰው ሲሞት በሌሊት ተሰብስቦ መርዶ የሚያረዳም ነበር። ግን መርዶ የሚነገረው ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድም ነው። ሳምቡሳ ለሸጠችልኝ ሴት ማን ያርዳኝ? ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም ለአንድም ሰው አልተናገርኩም።

የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር። እትዬ ሐምሌ 19 ቁልቢ ወጥታ ስለቷን አስገብታ ነበር። ከዚያ ቀን እስከ ጎርፉ 10 ቀን ነው። የሐምሌው ገብርኤል ደግሞ መልአኩ ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣበት በዓል ነው። እናትና ልጅ ከውኃ የዳኑበትን ዕለት አክብራ የተመለሰች እናት እንዴት በ10ኛው ቀን ከልጆቿ ጋር ውኃ ይወስዳታል? ይህን ጥያቄ ይዤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቃተኝ። ይባስ ብሎ አንድ ሰው «የከተማዋ ኃጢአት ነው» ሲል ሰማሁ። እስከ ዛሬ ስሰማ የሚያመኝ ንግግር ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲገድል፣ ጌታ ራሱ እነዚያ ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች አልነበሩም ብሏል። ሉቃስ 13 ላይ ተጽፎ እያለ፣ ሐዘንተኛ ፊት ቆሞ ኃጢአት የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚል ቢያስብ ጥሩ ነው።

ስለ ቂርቆስ ያልኩትን ጥያቄ ለአንድ አባት ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ከፈላው ውኃ የወጡት እናትና ልጅ በኋላ እኮ በሰማዕትነት ነው ያለፉት» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። ጥያቄዬ በዚህ ተመለሰልኝ አልልሽም። ብቻ መጠየቄ ከቤቱ እንደማያስወጣኝ ገባኝና ተመለስኩ።

የተመለስኩትም በፍልሰታ ነው። ጎርፉ እሑድ ሊነጋ ደረሰ፣ ጾሙ ሰኞ ነሐሴ 1 ገባ። ድሬ አስከሬኑን ከደለል ውስጥ እየፈለገ ነው ጾሙን የተቀበለው። ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜዋለሁ፣ ውዳሴ ማርያሙንም በቃሌ እለዋለሁ። ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ዓመት ነው። እመቤታችን ጥር 21 አረፈች፤ ሐዋርያት ሊቀብሯት ሲወስዷት ሥጋዋ ከእጃቸው ተወሰደ። ዮሐንስ የት እንዳረፈች አየ፣ ሌሎቹ አላዩም። ከጥር እስከ ነሐሴ መቃብር የሌላት እናት ነበረቻቸው። ነሐሴ ሲገባ ሥጋዋን ይሰጣቸው ዘንድ ጾሙ፤ በ14ኛው ቀን ተሰጣቸው፣ በጌቴሴማኒ ቀበሯት፣ በ16 ተነሣች።

እህቴ፣ ፍልሰታ የለቀስተኞች ጾም ነው። እናታችንን ስጠን፣ በእጃችን እንቅበራት ብለው የጾሙት ጾም ነው። ቄሱ ይህን ሲያስተምሩ ከኋላ ቆሜ ነበር። በ2 ሳምንት ውስጥ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ። አንዲት የማላውቃቸው እናት ነጠላቸውን ገልጠው ከትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ማን እንደሞተብኝ እንኳ አልጠየቁኝም። የእትዬ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዮሐንስ በራእዩ ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ ጽፏል፤ እኔ ደቻቱን ሳይ የማስበው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ፍትሐት ላስደርግላቸው ፈለግሁ። ቄሱ ስመ ክርስትናቸውን ጠየቁኝ። ለካ አላውቅም! ሰው ስንት ዓመት ከእጁ የበላውን ሰው ስም አያውቅም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ እሱም አያውቅም። ያወቁት አዴ ናቸው። አዴ ከእትዬ ጋር ግቢ የሚጋሩ ሙስሊም ጎረቤት ናቸው፤ ልጆቹ ክርስትና ሲነሡ ለእነ አዴ ለብቻ በግ ታርዶ ስለነበር የልጆቹን ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይዘውታል። የእናቲቱን ግን አያውቁም። በዚያ በድሬ ሙቀት በእግራቸው ሄደው የ21 ማርያም ማኅበርተኞቿን አፈላልገው ጠይቀው ለወንድሜ ነገሩት። 3ቱንም ስም በወረቀት ጽፌ ለቄሱ ሰጠሁ። አዴ ዛሬም አሉ፤ ትናንት ማታ እሳቸው ዘንድ ቡና ጠጥቻለሁ፤ ጾም መሆኑን አውቀው ቴምር ነው ያቀረቡልኝ።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ሐዘኑ የጎረቤት ነው ብለሽ አታሳንሺው። እቤት ደውለሽ የእማማን ስመ ክርስትና ጠይቂና ካልጋሪ ላለው ቄስ ስጪ፤ ዝምድናሽን የሚጠይቅሽ የለም። 40ውን ከአሁኑ ቁጠሪ። ሥራ ከሆነ በቅርቡ ያለው እሑድ ይበቃል፣ እዚህ ተዝካር የሚያወጡትም ያውቁልሻል። ድንኳኑ ሳይነሣ ለልጆቻቸው ደውይ፤ ቃል ካጣሽ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለሽ አብረሻቸው አልቅሺ፣ በስልክም ይለቀሳል። ገንዘብ መላክ ጥሩ ነው፣ እድሩም ይፈልገዋል፤ ግን በድምፅሽ ፈንታ አትላኪው። የውጭ አገር ሰው ሆነን ከተበላሸብን ነገር አንዱ ይሄ ይመስለኛል።

ለአለቃሽም እንደገና ንገሪው። ፈቃድ ባይሰጥሽ እንኳ ሐዘን ላይ መሆንሽን ይወቅ።

መልስ፣ ከካልጋሪ

አመሰግናለሁ። ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እናቴ ጋ ደውዬ ስማቸውን ጠይቄያለሁ። እሷም አታውቀውም፣ ልጃቸውን ልትጠይቅልኝ ነው።

መልስ፣ እኔም ከካልጋሪ

እህቴ፣ እኔ የለገሃር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ከተማ 11 ዓመት ሆኖኛል። እማማን አላውቃቸውም። ባለቤቴ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ ቡናም አፈላለሁ ብላለች። ድሬዎች 6 ወይም 7 እንሆናለን። አድራሻውን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፣ መኪና ከሌለሽ መጥቼ እወስድሻለሁ። የኛ ቤት ለብቻው ነው፤ ግድግዳ የሚጋራን ሰው የለም።