ሁሳር ፈረሰኛ የቱን ልዘዝ? 28 ሚሊ ወይስ 1/72 (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለጠረጴዛ ጦርነት የናፖሊዮን ዘመን የፈረንሳይ ሁሳር (ቀላል ፈረሰኛ) ሚኒያቸር፣ ማለትም ትንንሽ ቅርጽ፣ እየፈለግኩ ነው፣ እግረኛው ሞልቶኛል ፈረሰኛ ግን አንድም የለኝም። ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ለገና ከእንግሊዝ ስለምትመጣ በሷ ላስመጣ አስቤያለሁ። የቱን ልዘዝ? ቀለሙንስ?

መልስ፦ ወንድሜ እኔ እዚሁ እንግሊዝ ነኝ፣ ብዙ ዓይነት ሞክሬያለሁ፣ የፔሪን 28 ሚሊ (የሰውየው ቁመት በግምት) ፕላስቲክ ሁሳር እዘዝ። ኖቲንግሃም ያሉት መንትዮቹ አለንና ማይክል ፔሪ ናቸው የሚሰሩት፣ ማይክል በፈረንጆቹ 1996 በመድፍ አደጋ ቀኝ እጁን አጥቶ በግራው መቅረጽ እንደገና የተማረ ሰው ነው፣ ስራውን ስታይ እኮ ይሄ ነገር ጨርሶ አይታሰብህም። አንዱ ካርቶን 14 ፈረሰኛ አለው፣ ከ1792 እስከ 1815 ላለው ዘመን ይሆንሃል።

ቀላል ፈረሰኛ ስትመርጥ ደሞ መጀመሪያ ፈረሱን እይ። ጉግስ አይተህ ታውቃለህ አይደል፣ ሰውየው እርካቡ ላይ ቆሞ ወገቡን ሲያዞር ፈረሱ አንገቱን አስግጎ ሽምጥ ሲበር፣ ሁሳርም እንደዛ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። አንዳንዱ ሰሪ ልብሱን እስከ ቁልፉ ድረስ አሳምሮ ይቀርጽና ፈረሱ ላይ ሲደርስ ጋሪ የሚጎትት ያስመስለዋል፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ። የፔሪ ፈረስ ግን ሕይወት አለው።

ከብረት የሚሰራውን ሜታሉን ተወው። ሻንጣ ላይ ኪሎ ይበላል፣ እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ 8 አዝዤ 3ቱ ፈረሶች እግራቸው ተሰብሮ ነው የደረሱኝ፣ በስቼ ሽቦ እያስገባሁ ስጠግን ሁለት ቅዳሜ ሄደብኝ። ለአዛዡ ብቻ አንድ ብትገዛ አልቃወምም።

ሌላ መልስ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ጠረጴዛህ ስንት ነው? ትንሽ የምግብ ጠረጴዛ ላይ 28 ሚሊ ፈረሰኛ መዞሪያ እንኳን አያገኝም። ኢታለሪ የሚባለው ሞዴል ሰሪ በ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ) ያወጣቸው ሁሳሮች አሉ፣ ሰውየው ቁመቱ 24 ሚሊ ገደማ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ስለሚል ሙሉ ክፍለ ጦር ትሰበስባለህ። ችግሩ ፕላስቲኩ ለስላሳ ነው ቀለም ይረግፍበታል፣ ስለዚህ በሳሙና እጠበው፣ ሲደርቅ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነህ ቀባው፣ ከዛ በኋላ ነው ቀለሙ። እኔ እንደዛ አድርጌ ዓመታት ቆይቶልኛል።

የመጀመሪያው መላሽ፦ እህቴ የጠረጴዛው ነገር እውነትሽን ነው፣ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ነገር ግን ሳልረሳው፣ የአክስትህ ልጅ የስፕሬይ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም) እንዳትይዝ ንገራት፣ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፣ ሻንጣ ውስጥም አይቻልም። በብሩሽ የሚቀባውን ቫሌሆ የሚባለውን የቀለም ሰሪ ፕራይመር ታምጣልህ፣ ውሃ ላይ የተሰራ ነው። ማጣበቂያውንም እዛው አዲስ አበባ ፈልግ፣ የፕላስቲክ ማጣበቂያም ስለሚቀጣጠል አያሳልፏትም።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ጠረጴዛዬ 120 በ180 ሴንቲ ነው። 3ዲ ፕሪንተር ያለው ጓደኛም አለኝ፣ እሱስ?

መልስ፦ 120 በ180 ከሆነ 28 ሚሊ ይበቃሃል፣ ፔሪን ግዛ። ፕሪንቱ ለቤትና ለአጥር አሪፍ ነው፣ ፕሪንተሩ የሚጠቀመው ተራው ሬዚን (ፈሳሽ ፕላስቲክ) ግን ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነ ቀጭን ጎራዴ ሲነካ ቀንጠስ ይላል።

ቀለም ላልከው፣ 5ኛና 7ኛ የሁሳር ሬጅመንትን አስብ። በፈረንጆቹ 1806 በፈረንሳዩ ጄኔራል ላሳል የሚመሩት እነዚህ ናቸው ሽቴቲን ምሽግ ደርሰው፣ ራሳቸው 1000 እንኳን ሳይሞሉ፣ ከ5000 በላይ የፕሩሺያ ወታደር እጁን እንዲሰጥ ያደረጉት። 5ኛው ሰማያዊ ጃኬት ላይ ነጭ ካባ ጣል ያደርጋል፣ ያምራል ግን ነጭ ቀለም ለጀማሪ ከባድ ነው። 7ኛው አረንጓዴ ጃኬትና ቀይ ሱሪ ነው፣ በሱ ጀምር። ፈረሶቹን ዳማ በዳማ አድርጋቸው፣ የጥሩምባ ነፊውን ብቻ አምባላይ፣ ያኔም ከሩቅ እንዲለይ ነጭ ፈረስ ነበር የሚሰጡት።