ክርክር፦ ለደሴት ክለብ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ግሪክ ይወስደናል። በሰሜን ኤጅያን ባሕር ሊምኖስ የምትባል ደሴት አለች። ነዋሪዋ 17 ሺህ ገደማ ነው። ኢፌስቶስ የሚባለው ክለቧ በ2019 በግሪክ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ ብቅ አለ። አንድ ዘመን ተጫወተ። ቀጣዩ ዘመን ሲጀመር ስሙ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ክለብ መንግሥት ወይም ማዘጋጃ ቤት ደጉሞ ማቆየት ነበረበት? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ ክልክል ነው፣ ባለፈው ሳምንት ያየነው ይበቃል።

ሶስት ነጥብ፦
ነበረበት እንጂ! ያን ጊዜ ሊጉ 14 ክለብ ነበረው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክለብ ከሜዳው ውጭ 13 ጊዜ ይጫወታል። የአቴና ክለብ ሊምኖስ የሚሄደው በዓመት አንዴ ነው። የሊምኖስ ክለብ ግን ለ13ቱም ባሕር ይሻገራል። ቲኬት፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ ሁሉም ከራሱ ኪስ። ደግሞ የግሪክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 ሕግ አውጪውም አስተዳደሩም የደሴቶችንና የተራራማ ቦታዎችን ልዩ ሁኔታ ከግምት እንዲያስገቡ ያዛል። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ባለ ደብተሯ፦
ወንድሜ፣ አንቀጹን የጻፉት ሰዎች ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እንጂ የተጫዋች ደሞዝ ያሰቡ አይመስለኝም። አንድ ነገር ደግሞ ዘለልክ። ግሪክ ውስጥ ፕሮፌሽናሉ ቡድን የአክሲዮን ኩባንያ ነው። ልጆች የሚሰለጥኑበት አማተር ክለብ ለብቻው በሕግ የቆመ ሌላ አካል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለኩባንያው ብር ሰጥቶ ኩባንያው ቢዘጋ፣ ብሩ የት ይገኛል? ማንን ትጠይቃለህ?

ከኪፕሴሊ፦
አቴና ነው የምኖረው፣ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር ለደሴት መደጎም አዲስ ነገር አይደለም። ትርፍ የሌላቸውን የመርከብና የአውሮፕላን መስመሮች መንግሥት እየከፈለ ያስኬዳል። ከ2018 ጀምሮ የደሴት ነዋሪ ለመጓጓዣ የሚያወጣውን የሚያካክስ ፕሮግራምም አለ። ቅርጫት ኳስ ደግሞ የብርድ ወራት ጨዋታ ነው። ነፋሱ 8 ቦፎር (የነፋስ ኃይል መለኪያ ነው) ሲደርስ መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ይከለከላል። ቱሪስቱ ሄዷል፣ ካፌው ግማሹ ዝግ ነው። በዚያ ወቅት ቅዳሜ ማታ ጨዋታ መኖሩ ለከተማው ትልቅ ነገር ነው። ባለ ደብተሯ፣ እሱን በብር ብቻ አትለኪው።

ጋሽ ዳኛ፦
ልጆች፣ ባሕሩን ለጊዜው ተዉት። ሌፍካዳን እዩ። እሷም ደሴት ናት፣ ግን ከየብሱ ጋር በአጭር ድልድይ ተገናኝታለች፣ በመኪና ትገባላችሁ። ክለቧ ዶክሳ በ2016-17 ዋናው ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወጣ። ኤቪያ የምትባለው ደሴትም ድልድይ አላት። የኪሚ ክለብ ከዚያ ተነስቶ ሦስት ዘመን ተጫውቶ በ2019 ከሊጉ ጠፋ። ሮድስ ደግሞ ከአቴና ሩቅ ናት፣ ድልድይ የሚባል ነገር የላትም። የሷ ኮሎሶስ በ2005 ወደ ዋናው ሊግ የወጣ ክለብ ነው፣ ዛሬም ስሙ ይጠራል። ታዲያ ጥፋቱ የባሕሩ ነው?

ሶስት ነጥብ፦
ጋሼ፣ ሮድስ እኮ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አላት። የሆቴል ገንዘብ አላት። የክለቡ ስም ላይ እንኳ የሆቴል ድርጅት ስም ተለጥፏል።

ጋሽ ዳኛ፦
እኔስ ምን አልኩ? ሀብታም ስፖንሰር ያለው ይቆያል፣ የሌለው ይሄዳል። ድልድይ ቢኖርም ባይኖርም።

ሶስት ነጥብ፦
የኢፌስቶስን ዕድል ደግሞ ተመልከቱት። ዋናው ሊግ የገባው ትልቁ ክለብ ኦሎምፒያኮስ በሌለበት ዘመን ነው። ኦሎምፒያኮስ በ2019 በዳኞች ጉዳይ ተጣልቶ ከተቀናቃኙ ከፓናቲናይኮስ ጋር አልጫወትም በማለቱ ወደ ሁለተኛው ዲቪዥን ወርዶ ነበር። አዳራሽ የሚሞላልህ እንግዳ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ መጋቢት 2020 ኮቪድ መጣ። ሊጉ ቆመ፣ ፓናቲናይኮስ ሻምፒዮን ተባለ፣ አለቀ። ከሊምኖስ ጋር የቀርጤሱ ሬቲምኖም ቀረ። ሊጉ ወደ 12 ክለብ ወረደ። ይሄ የክለቡ ስንፍና ነው?

ባለ ደብተሯ፦
ስንፍና አላልኩም። ግን የሌፍካዳው ክለብ ከሊጉ ሲወጣ ኮቪድ ነበር እንዴ? አልነበረም። 17 ሺህ ሰው ያለበት ቦታ የአቴናን ደሞዝ መክፈል አይችልም፣ በቃ። እኔ ገንዘብ አይሰጥ አይደለም የምለው። ለአዳራሹ ይሰጥ። ለአማተሩ ክለብ፣ ለሕፃናቱ አሰልጣኝ ይሰጥ። ኩባንያው ቢፈርስም አዳራሹ እዚያው ነው።

ከኪፕሴሊ፦
ግን የደሴት ልጅ ትልቅ ጨዋታ በአካል ካላየ አዳራሹን ማን ይሞላዋል? በቴሌቪዥን ብቻ አያድግም። ጎበዝ የሆነው በ15 ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ አቴና ይመጣል። የሚመጡትን አያለሁ። ቤተሰቡም ቀስ እያለ ይከተለዋል።

ጋሽ ዳኛ፦
እንግዲያው ጉዞውን ሊጉ ይክፈል። ሁሉም ክለብ በየአቅሙ ያዋጣ፣ ከዚያ ሩቅ ያለው ይካካስለት። የግብር ከፋዩ ገንዘብ አይነካም። ባለ ደብተሯም ታርፋለች።

ባለ ደብተሯ፦
ይሄን እቀበላለሁ ጋሼ። ግን ትልልቆቹ እሺ ይላሉ? በአውሮፓ ሊግ የሚጫወት ክለብ ለሊምኖስ ቲኬት ሲያዋጣ አይታየኝም።

ሶስት ነጥብ፦
እነሱም እኮ ተጋጣሚ ከሌላቸው ከማን ጋር ሊጫወቱ ነው?

ጋሽ ዳኛ፦
ካዋጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በርቀት ከተከፈለ ብዙውን የሚወስደው ኮሎሶስ ነው፣ ሆቴሎቹ ከኋላው ያሉት። ለሱም ይከፈል ትላለህ?

ሶስት ነጥብ፦
ይከፈል። ቲኬቱን እኩል ነው የሚገዛው።

ባለ ደብተሯ፦
አየህ፣ ድጎማ አንዴ ከተጀመረ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ለሊምኖስ ብለህ ጀምረህ ለሆቴል ባለቤት ትከፍላለህ።

ከኪፕሴሊ፦
የገቢ ጣሪያ ይደረግበታላ! ስፖንሰሩ ከዚህ በላይ ከከፈለ አታገኝም ይባላል።

ባለ ደብተሯ፦
የክለቦቹን መዝገብ ማን ሊመረምር? አንተ?