ተማሪዎቼ በኦሜካ ዲጂታል ዐውደ ርእይ እንዲያዘጋጁ እሻለሁ፤ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ታሪክ አስተምራለሁ። 38 ተማሪዎቼ ስለ ዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በየቤተሰባቸው የተቀመጡ ፎቶግራፎችንና ደብዳቤዎችን ሰብስበው፣ በተለመደው የማጠቃለያ ጽሑፍ ፋንታ ኦሜካ በተባለው፣ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን መዝግቦ በድረ ገጽ በሚያሳይ ሶፍትዌር ዐውደ ርእይ እንዲያዘጋጁ አስቤአለሁ። ይሁን እንጂ የግቢያችን ኢንተርኔት በየጊዜው ይቋረጣል፤ ነጥብ አሰጣጡም ግራ አጋብቶኛል።

መልስ፣ ከአንዲት የታሪክ መምህርት፦ ነጥብ አሰጣጡን ከገጹ ውበት አይጀምሩ። በኦሜካ መጀመሪያ እያንዳንዱ ዕቃ፣ ማለትም ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ፣ ለብቻው ይመዘገባል፤ ዐውደ ርእዩ የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው። ለታሪክ ተማሪ ዋናው ትምህርት ያለው በምዝገባው ላይ ነው። ዱብሊን ኮር ከተባለው የሰነድ መመዝገቢያ ደንብ 15 መግለጫዎች ርእስ፣ ፈጣሪ፣ ቀን፣ ምንጭ፣ መግለጫና መብት የሚሉትን ስድስቱን ብቻ ግዴታ አድርጌ፣ ከመቶው 40 ነጥብ ለእነርሱ እሰጣለሁ፤ አርሜም ሳልመልስ ማንም ወደ ዐውደ ርእዩ አይሻገርም። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማድረጌ ማን፣ የትና መቼ እንዳነሣቸው የማይታወቁ ያማሩ ፎቶግራፎች ብቻ ቀሩልኝ፤ እስካሁን ይቈጨኛል።

ቀኑን በተለይ አደራ እላለሁ። ዘመቻው የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ተማሪው «1967» ብሎ ብቻ ከጻፈ ግን፣ በውጭ አገር ያለ ተመልካች ከአብዮቱ ሰባት ዓመት በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከጎኑ እንደ ወሩ 1974 ወይም 1975 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፍ።

መልስ፣ ከአንድ የኮምፒውተር ባለሙያ፦ ኢንተርኔቱ አያስጨንቅዎ። ከኦሜካ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኦሜካ ክላሲክ ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል የተባሉት ፕሮግራሞች ባሉበት አንድ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ተማሪዎቹም በውስጥ ኔትወርክ በብራውዘር ይገቡበታል። ምትኬ ሲይዙ ዳታቤዙን ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፎቹ የተቀመጡበትን ፎልደርም ይቅዱ፤ ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይረሳል።

መልስ፣ ከአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ሞክሼ ፊደላትን አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው። አንዱ ተማሪ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ከመዘገበ በፍለጋ አንዱ ሲገኝ ሌላው ይቀራል። የሰውና የቦታ ስሞችን ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ሲምፕል ቮካብ በተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ብታስገቡት፣ ተማሪው ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝሩ ይመርጣል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዲት ተማሪዬ አያቷ ፎቶግራፉን ለክፍሉ እንድታሳይ ቢፈቅዱላትም፣ በዘመቻው ወንድማቸውን ስላጡ ለሕዝብ እንዲወጣ እንደማይሹ ነግራኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከመምህርቷ፦ የእርሳቸው ቃል ይከበር። ዕቃው ለሕዝብ ክፍት ካልተደረገ መለያ የሌለው ተመልካች ስለማያየው፣ ተማሪዋ ሥራዋን ሠርታ ሙሉ ነጥቧን ታገኛለች። ለሁሉም ተማሪዎች የኮንትሪቢዩተርን ሥልጣን ብቻ ይስጧቸው፤ ዕቃ ይጨምራሉ እንጂ ለሕዝብ መልቀቅ አይችሉም። የቤተሰቡን ፈቃድም በጽሑፍ ተቀብለው ካዩ በኋላ እርስዎ ራስዎ ይልቀቁት።