ለሞሽን ካፕቸር የቤት መብራት እንዴት ላስተካክል? እጄ ይጠፋብኛል

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች፣ በአንድ ዌብካም ብቻ ሞሽን ካፕቸር (የሰውን እንቅስቃሴ ቀድቶ ለአኒሜሽን መጠቀም) እየሞከርኩ ነው፣ እንቅስቃሴውን በሚዲያፓይፕ (ከቪዲዮ ላይ የሰውነትን መገጣጠሚያዎች በነጥብ የሚከታተል ሶፍትዌር) አውጥቼ ብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር) ላይ ለካራክተሬ እሰጠዋለሁ። ዝም ብዬ ስቆም ከወገብ በላይ ምንም አይልም፣ እጄን ፈጠን አድርጌ ሳወናጭፍ ግን ክንዴ ይጠፋና ሌላ ቦታ ዘሎ ይወጣል፣ እግሬማ ቆሜም ይንቀጠቀጣል። ሪንግ ላይት (ክብ መብራት) ካሜራው ጋ አስሬ ሞከርኩ፣ ፊቴ ቦግ አለ እንጂ ለውጥ የለውም። ክፍሉ እኮ ብሩህ ነው! መብራት ልጨምር ወይስ ካሜራውን ልቀይር?

ጥላ_አዳኝ፦
ብሮ ካሜራውን ተወው። አይን ስለሚለምድ ነው ብሩህ የሚመስልህ፣ ለዌብካም ግን ድንግዝግዝ ነው። አውቶ ላይ ሲሆን ብርሃን ሲያንሰው ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ረዘም አድርጎ ይከፍታል፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ሲቀርጽ እስከ 1/30 ሰከንድ ድረስ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሳይነግርህ ወደ 15 ፍሬም ይወርዳል። እጅህ በሰከንድ 3 ሜትር ቢወረወር በ1/30 ሰከንድ ውስጥ 10 ሳንቲሜትር ሄዷል፣ ምስሉ ላይ ያለው እጅ ሳይሆን ጭስ ነው፣ ሶፍትዌሩ ምኑን ይያዝ? 1/200 ላይ 1.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። አውቶ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክልበትን) አጥፋና ሸተሩን አሳጥረው፣ ምስሉ ሲጨልም ያኔ ስንት መብራት እንደጎደለህ ታየዋለህ። ጌይን (ካሜራው ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ የሚያደምቅበትን) ከፍ አድርጌ ላካክስ እንዳትል፣ ምስሉ ላይ የሚፈላው ነጠብጣብ ራሱ ነጥቦቹን ያንቀጠቅጣቸዋል።

ሪንግ ላይት ደግሞ ለፊት ነው የተሰራው። 1 ሜትር ላይ ያለው ብርሃን 3 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል፣ አንተ ደግሞ ሙሉ ሰውነትህ እንዲገባ ራቅ ብለህ ነው የምትቆመው። ሁለት ጠንካራ አምፖል ግራና ቀኝ አድርግና ወደ ነጭ ግድግዳ ወይ ጣሪያ አዙራቸው፣ ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ጥላህም ግድግዳው ላይ ሁለተኛ ሰው አይሆንብህም።

ሚሚ_ሪግ፦
በጥላ_አዳኝ ላይ፣ መስኮት ከኋላህ ካለ መጋረጃውን ዝጋ፣ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሶፍትዌሩን ስረግም ቆይቼ ችግሩ መስኮቱ ሆኖ ተገኘ 😅

ጀማሪው፦
ተባረኩ! 1/200 አደረኩት፣ እጄ አሁን አይጠፋም። ግን አዲስ ጣጣ መጣ፣ ምስሉ ላይ ጠቆር ያሉ አግድም መስመሮች ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ካሜራው ተበላሸ እንዴ?

ጥላ_አዳኝ፦
አልተበላሸም፣ አምፖሎችህ ናቸው። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ከሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አይን አያየውም፣ አጭር ሸተር ግን ይይዘዋል። 1/100 አድርገው፣ 60 ኸርዝ ባለበት ደግሞ 1/120። እጅህ 3 ሳንቲሜትር ያህል ይደበዝዛል፣ ያን ያህል አይጎዳም። ዲመር (የብርሃን መቀነሻ) ካለህ ሙሉ ላይ አድርገው፣ ብዙዎቹ ብርሃን የሚቀንሱት በማብለጭለጭ ነው። በአጭር ሸተር የግድ መስራት ካለብህ ለቪዲዮ የተሰራ የማያብለጨልጭ መብራት ፈልግ።

ሚሚ_ሪግ፦
እግርህስ? ምን አይነት ሱሪ ነው የለበስከው?

ጀማሪው፦
ጥቁር ቱታ፣ ወለሉም ጥቁር ቡናማ ነው።

ሚሚ_ሪግ፦
በቃ አገኘነው 😂 ሶፍትዌሩ እግርህንና ወለሉን በምን ይለያቸው? ጠበብ ያለ ፈካ ያለ ሱሪ ልበስ፣ ሰፊ ከሆነ ጨርቁ ስለሚወዛወዝ ጉልበትህ የት እንዳለ ይጠፋዋል። አንዱን መብራት ደግሞ ዝቅ አድርገው፣ ሁሌ ፊትና ደረት ነው የምናበራው፣ እግር ይረሳል።

ጀማሪው፦
ግራጫ ሱሪ ለበስኩ፣ አንዱን መብራት ወንበር ላይ አወረድኩት፣ እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ! አሁን የቀረኝ ዞሬ ጀርባዬን ስሰጥ ግራና ቀኝ እግሬን ያምታታል፣ መብራት ከኋላም ልጨምር?

ጥላ_አዳኝ፦
እሱን መብራት አይፈታውም ወንድሜ፣ ለእሱ ሁለተኛ ካሜራ ከጎን ያስፈልግሃል። ሁለቱን ካሜራ ማመሳሰል ራሱን የቻለ ራስ ምታት ስለሆነ ሌላ ጥያቄ ክፈትለት።