ክርክር፦ የስካውት መሪ ሽልማቱን ደረቱ ላይ ያድርገው?

የቡድን መሪ (ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በከተማችን ያለን የስካውት በጎ ፈቃደኞች በአንድ ነገር ሁለት ቦታ ተከፍለናል። ለረጅም ጊዜ ያገለገለ መሪ ሜዳሊያ ይሰጠው፣ በደንብ ልብሱም ላይ ያድርገው የሚሉ አሉ። የለም፣ በጎ ፈቃድ ሽልማት አይጠብቅም፣ ልጆች ፊት ደረትን በምልክት መሙላት ነውር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ይሰጥም ይደረግም ባይ ነኝ። ግን ማን እንደሚጠቁምና ማን እንደሚወስን ካልተስተካከለ ባይሰጥ ይሻላል።

ልጆቹን ተመልከቱ። የቋጠሮ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ባጁን ማታ እናቱ እጅጌው ላይ ሰፍታለት፣ በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና ያንን ክንዱን ወደ ሰው እያዞረ ይቆማል። ጥረት ዋጋ አለው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። ከሥራ ወጥቶ ምሳ ሳይበላ በባጃጅ ለሥልጠና የሚደርስለትን መሪውን ግን ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው ሲያስተውል ምን ይማራል?

የሁለት ስካውቶች አባት፦
ወንድሜ፣ ድካማችሁን አውቃለሁ፤ ልጆቼን አደራ የሰጠሁት ለእናንተ ነው። ግን መጽሐፉ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ሽልማት ሲመጣ ሰው የሚሠራው ለሽልማቱ ይሆናል።

ደግሞስ የሚሸለመው ማን ነው? በዓል ሲሆን መድረክ ላይ የሚጠሩት ከፊት ወንበር የተቀመጡት ናቸው። ድንኳን ሲተክል ያመሸው ወጣት ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የስካውት መሥራቹ ቤደን ፓወል ለስካውት ደንብ ልብስ ያደረገለት አንዱ ምክንያት የሀብታምና የድሃ ልጅ ልዩነት እንዳይታይ ነው። ልጆቹን በልብስ እኩል አድርገን ስናበቃ ትልልቆቹ በሜዳሊያ ከተበላለጥን፣ ልብሱ ምኑን ልብስ ሆነ?

አሠልጣኝ (ጡረታ የወጣሁ መምህርት)፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር ቀላቅላችኋል፤ ፍቀዱልኝና ልለየው። መሪ አንገት ላይ የምታዩት በጠፍር የተንጠለጠለ ሁለት የእንጨት ዶቃ ሽልማት አይደለም። ዉድ ባጅ ይባላል፤ የመሪነት ሥልጠናውን መጨረስን የሚያሳይ ምልክት ነው። የመጀመሪያው ሥልጠና የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ጊልዌል ፓርክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዶቃዎችም ቤደን ፓወል ከዙሉ ምድር ካመጣው የአንገት ጌጥ እንደተወሰዱ ይነገራል፤ ነገሩ ከአፍሪካ የወጣ ነው ማለት ነው። ዶቃው 3 ወይም 4 ከሆነ ሰውየው ሌሎችን ያሠለጥናል ማለት ነው። ወላጅ ልጁን ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቀው በዚህ ስለሆነ፣ ይህን መደበቅ ትሕትና አይባልም።

ሽልማት ሌላ ነው። የዓለም ስካውት ኮሚቴ የሚሰጠው ብቸኛው ሽልማት የነሐስ ተኩላ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ አለ፤ መጀመሪያ የተቀበለው ራሱ ቤደን ፓወል ነው። ከዚያ በታች እያንዳንዱ አገር የራሱ አለው። የአሜሪካ ስካውቶችን አሠራር እወደዋለሁ። ሲልቨር ቢቨር የሚባል ለአካባቢ አገልግሎት የሚሰጥ ሽልማት አላቸው፤ ማንም ራሱን መጠቆም አይችልም። የተጠቆመውም ሰው እንዲያውቅ አይደረግም፤ ሳይመረጥ ቢቀር እንዳያዝን ነው። ሜዳሊያው የሚወጣው ለትልቅ ሥነ ሥርዓት ነው፤ በዘወትር ደንብ ልብስ ላይ ከግራ ኪስ በላይ አንዲት ቋጠሮ የተጠለፈባት ትንሽ ጨርቅ ትሰፋለች፣ በቃ። ሐይቅ ዳር ቆሻሻ ሲለቀም ሜዳሊያ ምን ይሠራል?

የልጆቹ አባት መጽሐፍ ስለጠቀሱ እኔም ልጥቀስ፤ ምሳሌ 27 ላይ ሌላ ያመስግንህ እንጂ አፍህ አይደለም ይላል። ማመስገንን አልከለከለም፤ ከማን አፍ እንደሚወጣ ነው የወሰነው።

የሁለት ስካውቶች አባት፦
እትዬ፣ ስለ ዶቃው አመሰግናለሁ፤ ሥልጠና ከሆነ ይታይ፣ ተቃውሞ የለኝም። ምስጢሩ ላይ ግን እንጃ። እዚህ ከተማ ጠዋት የተጠቆመ ሰው ከሰዓት በፊት ፒያሳ ቡና ላይ ወሬው ይደርሰዋል። ከዚያ ጠቋሚውን ማግባባት ይጀመራል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ የሚያስከብረው ማን ነው?

ሮቨር (ከትልልቆቹ ስካውቶች አንዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦
እኛን የጠየቀን የለም። መሪውን በየሳምንቱ የምናየው እኛ ነን። ሲያመሽ፣ ሲቆጣ፣ ይቅርታ ሲጠይቅም አይተነዋል። ጥቆማው ውስጥ የልጆቹ ፊርማ ይግባ። ፎቶ ሊነሳ ብቻ የስካውት የአንገት ስካርፉን አስሮ የሚመጣን ሰው ማንም ልጅ አይፈርምለትም።

የቡድን መሪ፦
ይህቺ ትግባልን! ጋሼ፣ ማግባባቱን የሚያከብደው ይህ ነው፤ አንድ ጠቋሚን ማግባባት ይቻል ይሆናል፣ ሠላሳ ልጅ ግን ከባድ ነው። በመድረኩ ጉዳይም እውነትዎን ነው። እንግዳ በስጦታ ይከበር፤ የስካውት ምልክት ግን ሜዳ ላይ ለሠራ ሰው ብቻ ይሁን።

እናት (ሰፈረ ሰላም)፦
ክርክራችሁን ሳነብ ቆየሁ። ካምፕ ሲወጣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው እሳት የሚያነዱት፣ ለዚያ ሁሉ ልጅ ሽሮ የሚሠሩት ሴትዮ ደንብ ልብስ የላቸውም። እሳቸው የሚያገኙትን ምልክት የት ላይ ነው የሚሰፉት? ነጠላቸው ላይ?

አሠልጣኝ፦
እውነት ነው እህቴ፤ ደንብ የምናወጣው ለለበሰ ሰው ብቻ ሆኖ ነበር። ለእሳቸው ስካርፍ በልጆች እጅ ይታሰርላቸው እላለሁ።

የሁለት ስካውቶች አባት፦
ስካርፍ የስካውት ቃል ኪዳን ለገባ ነው፤ እሱ ላይ አልስማማም። ሌላ ነገር ይፈለግላቸው። ለጥቆማው ግን የእኔን ፊርማ ጨምሩ፤ የመጀመሪያው ስም የእሳቸው ከሆነ።