«የቁርጥ ቀን ልጅ» ሲባል ቁርጡ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ አያቴ አረፉ። የድሮ ወታደር ነበሩ። ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስተው «የቁርጥ ቀን ልጅ ነበር» አሉ። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን አልገባኝም። ቁርጥ የማውቀው ሥጋ ቤት ነው። የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ።

የሥጋ ቤቱ ቁርጥና ይሄኛው ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው፤ ከ«ቆረጠ»። አማርኛ ግን መቁረጥን ለቢላዋ ብቻ አልተወውም። ማመንታት አብቅቶ ነገር ሲወሰን ተቆረጠ እንላለን። የሠርግ ቀን ይቆረጣል። ነጋዴ «ቁርጥ ዋጋው ይሄ ነው» ካለ ክርክር የለም። የቁርጥ ቀንም ነገሩ የሚለይበት ቀን ነው። ወይ ትገኛለህ ወይ ትቀራለህ። ያን ዕለት የተገኘ ሰው የቁርጥ ቀን ልጅ ይባላል። በችግር ጊዜ ለደረሰ ወዳጅም ይባላል። ለወታደር ሲባል ግን ይከብዳል፤ ያዋጣው ሕይወቱን ነዋ።

እኔ ይህን ቃል ከመዝገበ ቃላት አልተማርኩትም። አባቴ ወታደር ነበር። የቤታችን ታሪክ በሙሉ «ቆረጠ» ውስጥ አለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አባቴ የመንዝ ገበሬ ልጅ ነው። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ በሬዎቹን ለወንድሙ ትቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። እናቴን ካገባ ዓመት አልሞላውም። እሷ እስከ ዛሬ «ቆርጦ ሄደ» ነው የምትለው። «ወስኖ ሄደ» ብትል አንድ አይሆንም። በ«ቆርጦ» ውስጥ ትቶት የሄደው ነገርም አለ። ድምጿ ላይ ኩራቱም ቅሬታውም ይሰማል።

ጅጅጋ መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድል ሆነ። አባቴ ስለዚያ ጦርነት ሲያወራ ተኩሱን ብዙም አያነሳም። የሚያነሳው የውሃውን ጥምና ኮቾሮውን ነው። ኮቾሮ ለማታውቁት፣ የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው። ከኮዳ ጠብ አድርገው ካላራሱት ለጥርስ ፈተና ነው። አባቴ ፍርፋሪውን በመዳፉ ተቀብሎ ይልሰው እንደነበር ነግሮናል። ቤት ገብቶም አልተወውም። ዳቦ ሲበላ ግራ እጁን ከአገጩ ስር ይዘረጋል። እኛ ቤት ፍርፋሪ መሬት አይነካም።

ከዚያ ወደ ሰሜን ተዛወረ። እኛ ያደግነው በተቆራጭ ነው። ይሄንንም ቃል ያዢልኝ። ተቆራጭ ወታደሩ ከደሞዙ ላይ ለቤተሰቡ የሚያስቆርጠው ገንዘብ ነው። እናቴ በየወሩ ተሰልፋ፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈርማ ትቀበል ነበር። ያ ሰማያዊ ቀለም ሁለት ቀን ከጣቷ አይለቅም። እንጀራ ስታወጣ ሁሉ ይታየኝ ነበር። ለሰልፈኞቹ ሴቶች ተቆራጭ ማለት ብር ብቻ አልነበረም። ከመጣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ሲቀር «እባካችሁ ቁርጡን ንገሩን» ይላሉ።

«ቁርጡን ማወቅ» እና «ተስፋ መቁረጥ» ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል። ለእኔ በጣም ይለያያሉ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሳያውቅ ይተዋል። ቁርጡን ያወቀ ግን አልቅሶ፣ እርሙን አውጥቶ ይነሳል። የአጎቴ ቁርጥ አልታወቀም። የአባቴ ታናሽ ነው፤ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ምጽዋ ነበር። ከተማዋ የካቲት 1982 ከተያዘች ወዲህ ደብዳቤው ቀረ። መርዶ ስላልመጣ አያቴ ተዝካሩን አላወጣችም። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ኮቱን ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ማታ አራግፋ፣ አጥፋ መልሳ ታስገባዋለች። እስክትሞት ድረስ እንዲህ አደረገች።

«ቆራጥ» የሚለውም ከዚሁ ነው። በደርግ ጊዜ ሊቀመንበሩ «ቆራጡ አብዮታዊ መሪ» ይባሉ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ሲወጡ አባቴ ከረን ግንባር ላይ ነበር። ቆራጥ ማለት ማን እንደሆነ እኛ ልጆቹ ከዚያ በኋላ አልተምታታብንም። ሠራዊቱ ሲፈርስ ከጓዶቹ ጋር በእግሩ በከሰላ በኩል ሱዳን ገባ። ወደ አገሩ ተመልሶም ተሃድሶ አለፈ። ቤት ሲደርስ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ጎድለዋል። ጡረታ የለ፣ ደሞዝ የለ። «የቀድሞ ሠራዊት» የሚባል ስም ብቻ ነበረው። ያን «የቀድሞ» የሚል ቃል እኔ ዛሬም አልወደውም። ሰውየው እኮ ያኔ ገና አርባ ዓመቱ ነበር።

ከሌላ አባል፦

ግሩም ነው፣ እናመሰግናለን። ቁርጥማትስ? የድሮ ወታደሮች አብዛኞቹ ቁርጥማት አለባቸው። እሱም ከ«ቆረጠ» ነው?

መልስ፦

ይመስላል፣ ግን አይደለም ወንድሜ። ቁርጥማት የመጣው ከ«ቆረጠመ» ነው። ቆሎ ይቆረጠማል፣ ኮቾሮም ይቆረጠማል። አጥንትን ከውስጥ የሚቆረጥም ሕመም ስለሆነ ቁርጥማት ተባለ። አባቴም አለበት፤ ክረምት ሲገባ ጉልበቱን በሻሽ ጠቅልሎ ነው የሚውለው። «ምሽግ ውስጥ ያደርንበት ብርድ ነው፣ አሁን ነው የሚወጣው» ይላል።

ጠያቂዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ገባኝ። አንድ ልጨምር፤ እናቴ ትንሹን ወንድሜን «ቁርጥ አያቱን» ትለዋለች። ይሄስ?

መልስ፦

እሱም ከ«ቆረጠ» ነው፤ ከአንድ ጨርቅ ተቆርጦ የወጣ እንደማለት። መልክ ብቻ እንዳይመስልሽ። አመሉን፣ አረማመዱን፣ ሳሉን ሳይቀር ይጨምራል። የእኔም ታናሽ ወንድም ቁርጥ አባቱን ነው። ጦር ሜዳ አያውቅም፤ ሹፌር ነው። ባለፈው እሑድ ቁርስ ስንበላ አየሁት። ዳቦውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ግራ እጁን ከአገጩ ስር ዘርግቷል።