የተስኪጊዋ ነርስ ትጠየቃለች?

ጤና ተማሪ፦
ሰላም ቤቶች! የምርምር ሥነ ምግባር ኮርስ ላይ የተስኪጊ ጥናት ክርክር አለብን። ለማያውቅ፦ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እንደ ፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1972 አላባማ ውስጥ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሳያክም ሲከታተል ኖረ። በሽታቸውን አልነገሯቸውም፣ "መጥፎ ደም አለባችሁ" ነው የተባሉት። ፔኒሲሊን መጥቶም አልሰጧቸውም። እኔን ግራ ያጋባችኝ ነርሷ ዩኒስ ሪቨርስ ናት። ራሷም ጥቁር ናት፣ በመኪና ታመላልሳቸዋለች፣ ቀብራቸው ላይ ትገኛለች፣ እነሱም ይወዷታል። እሷን እንጠይቅ ወይስ ዶክተሮቹን ብቻ?

ሸገር77፦
ዘመኑን እይው እንጂ። በ1930ዎቹ አላባማ አንዲት ጥቁር ነርስ ነጭ ሐኪምን እምቢ ብላ ሥራዋ ላይ ትቆይ ነበር? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። ዶክተሮቹ ናቸው ተጠያቂ፣ አለቀ።

መቅደስ፦
አላለቀም። 1932ን እሺ ልበልሽ፣ ያኔ ደህና መድኃኒትም አልነበረም። ከ1947 ወዲህስ? ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላ? ደግሞ ሰዎቹን እዚያ ያቆያቸው ለዶክተሩ ያላቸው እምነት አይደለም፣ ለእሷ ያላቸው ነው። የቀብር ወጪያችሁን እንችላለን ብለው አስከሬን ለመመርመር ሲያስፈርሙ ቤተሰቡን የምታግባባው እኮ እሷ ነበረች። ሥልጣኗ ትንሽ ነበር፣ ግን ባዶ አልነበረም።

ዳዊት (ላብራቶሪ)፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፣ ጥናቱ ድብቅ አልነበረም! ከ1936 ጀምሮ ውጤቱ በሕክምና መጽሔት ይወጣ ነበር፣ ስንቱ ሐኪም አንብቦ ገጹን ገልብጧል። በ1965 ኧርዊን ሻትዝ የሚባል ወጣት ሐኪም ተቃውሞ ጻፈ፣ መልስም አላገኘ። ፒተር በክስተን የሚባል የዚያው የጤና አገልግሎት ሠራተኛ በ1966 ከውስጥ ሆኖ አቤት አለ። በ1969 ባለሥልጣናቱና ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይቀጥል አሉ። በመጨረሻ በክስተን ወረቀቱን ለጋዜጠኛ ሰጠ፣ የአሶሽየትድ ፕሬሷ ጂን ሄለር በሐምሌ 1972 አወጣችው፣ ጥናቱም በዚያው ዓመት ቆመ። እኔ ከነርሷ በፊት የምጠይቀው እነዚያን አንባቢዎች ነው፣ እነሱን ማንም ከሥራ አያባርራቸውም ነበር።

ጤና ተማሪ፦
ዳዊት ተባረክ! እኔ የደረሰኝ ነርሷን መክሰስ ነው፣ ያንተ ነጥብ ለተቃራኒው ቡድን ነው የሚጠቅመው 😅

መቅደስ፦
አይ፣ ላንቺም ይሆናል። በክስተንም ተራ ሠራተኛ ነበር፣ ሐኪም እንኳን አይደለም። "ትንሽ ሰው ምን ማድረግ ይችላል" ሲሉሽ እሱን ጥሪባቸው። ጥቁር ሴት አልነበረም ማለታቸው ግን አይቀርም፣ ለእሱ ተዘጋጂ።